ዮዮን መምረጥ፦ ከዋጋው በፊት ሕጉን ማወቅ



ከቦንጋ ሆኖ ዮዮን ከሩቅ የሚያዝዝ ሰው ዕቃውን በእጁ መዝኖ ሊመርጥ አይችልም። ምስሉንና ዋጋውን ብቻ አይቶ ከወሰነ ደግሞ ገንዘቡ በከንቱ ሊባክን ይችላል። ስለዚህ ዕቃው የሚሠራበትን ሕግ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ሕጉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ጥጥ የሚፈትሉበት እንዝርት አንዴ ከተሾረ በኋላ መሽከርከሩን የምታስቀጥልለት በዘንጉ ላይ የተሰካችው ክብ ናት። ዮዮም እንዲሁ ነው። እኩል ከሚመዝኑና በእኩል ፍጥነት ከሚሽከረከሩ ሁለት ዮዮዎች፣ ሌላው ሁሉ አንድ ከሆነ፣ ክብደቱ ወደ ጠርዙ የተሰበሰበው ረዘም ላለ ጊዜ ይሾራል። ስለዚህ ስንት ግራም እንደሚመዝን ብቻ ሳይሆን ክብደቱ የት እንዳለም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመመለሱ ነገር ነው። ፊሊፒናዊው ፔድሮ ፍሎሬስ እ.ኤ.አ. በ1928 በካሊፎርኒያ ማምረት የጀመረው ዮዮ ክሩ ዘንጉን በልል ዙር ብቻ የሚይዝ ስለነበር፣ ጫፍ ላይ ከሾረ በኋላ ክሩ ሳብ ሲደረግ ወደ እጅ ይመለስ ነበር። በዘመናችን ሰፊ ኩሽኔታ የተገጠመላቸው የአሉሚኒየም ዮዮዎች ግን በአብዛኛው በመሳብ ብቻ አይመለሱም፤ ክሩን አጥፎ ወደ ክፍተቱ የማስገባት ልምድ ይጠይቃሉ። ለባለሙያ የተሠራው ውድ ዕቃ በጀማሪ እጅ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

እንግዲህ ጀማሪ ቀጭን ኩሽኔታ ያለውንና ሲሳብ የሚመለሰውን ይምረጥ። ሻጩ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ ካልቻለ ገንዘብን በኪስ ማቆየት ይሻላል።