ሥዕልን መርምሮ ስለ መቀበል
(በጅማ መርካቶ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተሰጠ ንግግር)



ከገበያ የተገዛ የአውሮፓ የወረቀት ሥዕል በብዙ ቤት ተሰቅሎ ይታያል። አንዱ «ሕያው ሰው ይመስላል» ብሎ የቀድሞውን ሥዕል ያወርድለታል፤ ሌላው «የባዕድ ነው» ብሎ ይንቀዋል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ፈርደዋል። አባቶች ግን መርምረው ተቀበሉ።

የቬኒሱ ሠዓሊ ኒቆላዎስ ብራንካሌዎን በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ብዙ ዘመን ሲሥል ኖረ፤ በ1512 ዓ.ም. የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞችም በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በሕይወት አገኙት። ኋላም ኢየሱሳውያን፥ ቅዱስ ሉቃስ ሣላት ተብላ በሮም በሳንታ ማርያ ማጆሬ የምትከበረውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጅ አመጡ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1624 ዓ.ም. ነግሠው ኢየሱሳውያንን ካገር አስወጡ፤ ሰዎቹ ሄዱ፥ ሥዕሏ ግን ቀረች። ሠዓልያን የተደራረቡትን እጆቿን፥ የያዘችውን መሐረብ፥ የሕፃኑንም መጽሐፍ ሳይለውጡ፥ መልኳንና ልብሷን እንዳገራቸው ወግ ሣሉ፤ ሚካኤልንና ገብርኤልንም በቀኝና በግራ አቆሙ።

የአውሮፓ ሠዓሊ በብርሃንና በጥላ የሥጋን መልክ ለማሳየት ተጋ፤ የኢትዮጵያ ሠዓሊ ዓይንን አጕልቶ የነፍስን ንቃት ለማሳየት ተጋ። በቅኔ እንደሚታወቀው ሰሙን ብቻ ያየ ወርቁን ያጣል፤ በሥዕልም ቀለሙ ሰም፥ ምሥጢሩ ወርቅ ነው።

እንግዲህ የዚህ ደብር ምእመን የባዕዱን ጥበብ ያድንቅ፤ ያረጀውን የአባቶች ሥዕል ግን በአዲስ ወረቀት ለውጦ አይጣል።