አምባሰል በኤሌክትሪክ ጊታር፤ ጆሮው ለሚታመም አድማጭ

(በማኅበራችን የሙዚቃ ክፍል ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሙዚቃ ውበት አይደለም፤ ሙዚቃ ስለሚያሳምማቸው ሰዎች ነው። ባለፈው ዓመት ባዘጋጀነው ምሽት ባንዳችን የአምባሰልን ዜማ በሮክ አድርጎ ሲጫወት አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከሦስተኛው ረድፍ ግን አንድ የክፍል ጓደኛችን ሁለት ጆሮውን በእጁ ደፍኖ ተነሥቶ ወጣ። እኛም ከመድረክ ሆነን አይተነው ሳቅን። ሰውየው ራሱ የአምባሰል ልጅ መሆኑ ሳቃችንን አበዛው፤ «የአገሩ ዜማ አባረረው» ተባለ። ይህን እዚህ የምናነሣው ይቅርታ ከጠየቅነውና እርሱም እንድንናገረው ከፈቀደልን በኋላ ነው።

እርሱ የነገረን ይህን ነው። ድምፁ አልበዛበትም፤ ወጋው። በምግብ አዳራሽ ማንኪያ ሲወድቅ እኛ ዘወር ብለን እናያለን፤ እርሱ ግን ጥርሱ ድረስ ይሰማዋል። ሐኪሞች ይህን ሃይፐርአኩሲስ ይሉታል፤ ለሌላው ሰው ተራ የሆነ ድምፅ ለባለቤቱ የማይቻል ሲሆን ማለት ነው። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከድምፅ ጋር እንዲህ ይታገላሉ፤ ማይግሬን ሲነሣባቸው፣ ወይም ራሳቸውን ከተመቱ በኋላ የሚደርስባቸውም አሉ። መስማት ያልተሳነው ሰው ድምፅ ያሳምመኛል ሲል ማመን ያስቸግራል፤ እኛም ያስቸገረን ይኸው ነው።

ስለ ዜማው ጥቂት እንበል። አምባሰል ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከሚቈጠሩት ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ ስሙም ግሸንና ውጫሌ ያሉበት የዚያ ተራራማ አገር ስም ነው። ድምፆቹ አምስት ናቸው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን ሁለት ሙሉ እርምጃ ይዘልላል። ከአራተኛው ወደ አምስተኛው እንደገና ግማሽ ነው። ሜሪ አርምዴ አምባሰልን በክራር ስትጫወት የሰማ ሰው የዚያን መጠጋትና መዝለል ጣዕም ያውቀዋል። የክራር ጅማት ተመትቶ ወዲያው ስለሚከስም ሁለቱ ጎረቤት ድምፆች ተራ በተራ ይሰማሉ።

በኤሌክትሪክ ጊታር ነገሩ ይለወጣል። ማጉያው ከዐቅሙ በላይ ሲነዳ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቈረጣል፤ ከመቈረጡም ቀድሞ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ፤ ዜማውም ሳይከስም ይረዝማል። በፒያኖ ልክ ብንወስድ አንዱ ድምፅ በሰኮንድ 262 ጊዜ፣ ግማሽ እርምጃ የሚበልጠው ጎረቤቱ 277 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ሁለቱ አብረው ሲጮኹ ልዩነታቸው፣ ማለት በሰኮንድ 15 ወይም 16 ጊዜ፣ እንደ መጋዝ ይሰማል። ለብዙዎቻችን የሮክ ደስታ ይህ መጋዝ ነው። ለጓደኛችን ግን መጋዝ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ታዲያ መልሱ ወደ ማሲንቆ መመለስ ነው ብለን አስበን ነበር። ተሳስተናል። በጥር ወር ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ ወረድን። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባበት ከእኅቶቻችን ተለይተን አንገባም ብለን ሁላችንም ውሃው ዳር ተቀመጥን፤ ከኛው አንዱ ማሲንቆ ያዘ። ጓደኛችን ተጠግቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ሰማ። እኛም «አገኘነው» ተባባልን። ወዲያው ከኋላው አንዲት እኅታችን ደስ ብሏት እልል ስትል እንደ ተመታ ሰው ዘለለ፤ ከዚያም እስክንመለስ ድረስ ዝም አለ። ማጉያ በሌለበት፣ ማሽን በሌለበት!

በመኪና ስንመለስ ደግሞ ሌላ አስደነቀን። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገውን «ኤርታሌ» አልበም በስልኩ ያዳምጥ ነበር። ሮክ! እንዴት ነው ብንለው «መጠኑ በእጄ ነው፤ የሚመጣውንም ዐውቀዋለሁ» አለ።

ነገሩ ከሥጋም ይደገፋል። በመካከለኛው ጆሮ ያለች ትንሽ ጡንቻ ኀይለኛ ድምፅ ሲመጣ ተኰማትራ ጥቂቱን ትከለክላለች፤ ግን ትዘገያለች፤ ድንገተኛው እልልታ ቀድሟት ይገባል። አእምሮም እንዲሁ ነው፤ የጠበቀውንና ያልጠበቀውን በአንድ ሚዛን አይመዝንም።

ጊታር ተጫዋቻችን «ቀስ ያለ ሮክ ሮክ አይደለም» ይላል። በግማሹ እንስማማለን፤ ዘፈኑን እሹሩሩ አድርጉት የሚል የለም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለሙዚቃ አዳራሾች ያወጣው ወሰን በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው፤ ይህም ለማንም ቢሆን ብዙ ነው። ስምንት ሰዓት በ85 ዴሲቤል መቈየት ለጤነኛው ጆሮ የድካሙ ጫፍ ሲሆን በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ ይቀራል። የኛን አዳራሽ በልምምድ ቀን በስልክ ብንለካው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከ100 አለፈ። ጥፋቱ የባንዱ ብቻ አይደለም። ማጉያዎቹን ወለል ላይ፣ በተቀማጩ ጆሮ ትይዩ ያቆምናቸው እኛ ነን፤ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ምሽት የወሰንነው እነሆ። ማጉያዎቹ ከፍ ብለው ይሰቀላሉ። አንድ ሰው በየዘፈኑ እየለካ ለድምፅ ተቈጣጣሪው ይነግራል። የጆሮ መድፈኛ በር ላይ ይታደላል። በበሩ አጠገብ ያሉት ሁለት ረድፎች ወጥተው ለሚመለሱ ይያዛሉ፤ ከአዳራሹ ጎን ያለው ክፍልም ጸጥ ብሎ ክፍት ይሆናል። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ኀይለኛ ዘፈኖች ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ከበሮው የሚጀምርበት ቦታም ይጻፋል። እልልታን መከልከል አይቻልም፤ አንሞክረውምም። ለድምፅ ለካዩ ሥራ እስካሁን የተመዘገበ የለም፤ ፈቃደኛ ያለ ዛሬውኑ ስሙን ይስጠን።

ጓደኛችን እመጣለሁ አላለንም። ወረቀቱን ግን ሦስት ቀን አስቀድመን እንድንሰጠው ጠይቋል።