መሶቧ 20 ኪሎ ስትመዝን

(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ ቀን፣ ከምሳ በፊት የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከተመረቅን በኋላ ምን ሠራን» በሚለው ርእስ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ሆስፒታል የሚመሩ፣ ባንክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የደረሱ ናቸው። እኔ ሰፌድና ሙዳይ ነው የምሸጠው። ማራኪ ግቢ አካውንቲንግ ተምሬ፣ ደባርቅ ገብቼ፣ የሴቶችን የእጅ ሥራ እየሰበሰብኩ እሸጣለሁ። የማወራችሁም ስለ ጭነት ነው። ሂሳብ ስላለበት የአካውንቲንግ ልጆች እንዳትተኙብኝ።

ደባርቅ ከዚህ ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳባትን አልፎ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ስለሆነ፣ ቱሪስቱ የመግቢያ የሚከፍለውም፣ ስካውትና አስጎብኚ የሚይዘውም ደባርቅ ነው። ፓርኩ በ1970 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1989 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2009 ከዚያ መዝገብ ወጣ። እኔ ሥራውን የጀመርኩት ያን ጊዜ አካባቢ ነው። ሁላችንም ተስፋ አድርገን ነበር። ዳባት ዙሪያ ያሉት እናቶች ሰፌድ፣ ሙዳይና አገልግል ይሰፋሉ። ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩት ደግሞ የሱፍ ኮፍያ ይሠራሉ። እኔ ገዝቼ ከፓርኩ መንገድ አጠገብ በአንዲት ቆርቆሮ ሱቅ እሸጣለሁ።

ያን ጊዜ ጭነት የሚባል ነገር አሳስቦኝ አያውቅም። ገዢው ራሱ ጫኝ ነበራ! ፈረንጁ ኮፍያውን ገዝቶ እዚያው አናቱ ላይ ያደርግና ይሄዳል። ሙዳይዋን ካልሲ ጠቅጥቆባት ቦርሳው ውስጥ ይከታታል። ፎርም የለ፣ ሚዛን የለ። ያ ሰው ስንት ወጪ እንደሸፈነልኝ የገባኝ መምጣት ሲያቆም ነው።

በመጋቢት 2012 ኮሮና መጣ። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት መጨረሻ ራሱ ዳባት ወረዳ ደረሰ። ያን ጊዜ የሆነውን እዚህ አላወራም፤ ብዙዎቻችሁ ቤተሰብ አላችሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለውንም ታውቁታላችሁ። ቱሪስት የለም፤ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። የሴቶቹ እጅ ግን አልቆመም። ስንደዶና አክርማ ከሜዳ ነው የሚመጣው፤ ወስፌም አለ። ቤት ለቤት ሄጄ ሳይ፣ ያልተሸጠ ሙዳይ መደቡ ላይ ተደርድሯል። እኔም «ገዢው ካልመጣ ዕቃው ይሂድለታ» አልኩ። አፍ ላይ ሲሆን ቀላል ነው።

የመጀመሪያዋን ትልቅ ትእዛዝ የሰጠችኝ የባቻችን ልጅ ናት። ጀርመን ነው የምትኖረው። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ ስሟን ግን አልጠራም። እህቷ ልታገባ ነው፤ እዚያው ጀርመን። «የዳባት መሶብ፣ ክዳኗ በአለላ ያጌጠ፣ ሙሽሮቹ የሚቆርሱበት» አለች። ዋጋ አልተከራከረችም። ገንዘቡን እዚሁ ጎንደር ያለው ወንድሟ ከፈለኝ።

መሶቧን የሰፉት ዳባት ያሉ አንዲት እናት ናቸው። እትየ እላቸዋለሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ የቤት ሥራቸውን ሲጨርሱ ማታ ማታ ሰፏት። ውላችን ግማሹን በቅድሚያ፣ ግማሹን ስትደርስ ነው። «ስትደርስ» የሚለውን ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

መሶቧን ይዤ በሚኒባስ ጎንደር መጣሁ። ሠርጉ ስለደረሰ ፈጣን መልእክት ከሚያደርሱት ድርጅቶች አንዱ ጋ ገባሁ። ሚዛን ላይ ስትወጣ ከነካርቶኗ 3 ኪሎ ተኩል አልሞላችም። ደስ አለኝ። ከዚያ ልጁ ሜትር አወጣና ካርቶኑን ለካው። 45 በ45 በ50። ሦስቱን አባዝቶ ለ5,000 አካፈለው። «20 ኪሎ ከሩብ» አለኝ። እንዴ! አሁን አንተው መዘንክልኝ አይደል? «እሱ የዕቃው ክብደት ነው፤ የምናስከፍለው ግን በሚይዘው ቦታ ነው» አለኝ።

ልጁ ትክክል ነው። በአውሮፕላን ጭነት ዓለም ሁሉ የሚሠራበት ስሌት ነው፤ ቀላልና ሰፊ ዕቃ የሌላውን ቦታ ስለሚይዝ ነው። ቡና ቢሆን በኪሎው ይሄዳል። መሶብ ግን ምንድን ነው? ዙሪያውን ሳር፣ ውስጡ ባዶ። 17 ኪሎ ያህል የዳባት አየር ነው ከፍዬ የላክሁት። የጭነቱ ዋጋ የመሶቧን ሦስት እጥፍ ገደማ መጣ። ጓደኛዬ ጋ ስደውል ትንሽ ዝም ብላ «ላኪው፣ ሠርግ ነው» አለች።

እዚህ ላይ ፖስታ ቤትስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ፖስታችን በ1886 የተቋቋመ ነው፤ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ በ1901 ነው። በኅብረቱ ደንብ ትንሽ ጥቅል ተብሎ በረከሰ ዋጋ የሚሄደው እስከ 2 ኪሎ ነው፤ በቦታ አያባዙባችሁም። ግን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታው ተደምሮ ከ90 ሳንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ አንዱም ጎን ከ60 አይበልጥም። የእኔ ካርቶን 140 ነው። ሙዳይ ይገባል፣ መሶብ አይገባም። በርን፣ ስዊዘርላንድ ያለ ድርጅት የዳባትን መሶብ ልክ ወሰነ ማለት ነው፤ መሶብ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ሳያውቅ።

መሶቧ ጀርመን ገባች። በመከታተያ ቁጥሩ መግባቷ ይታያል አሉ። «አሉ» የምለው እኛ ጋ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ነው፤ ጓደኛዬ ናት ደውላ የምትነግረኝ። ከዚያ ጉምሩክ ደረሰች። አገራችን ከድሀ አገሮች ተርታ ስለሆነች ለአውሮፓ ኅብረት ቀረጥ የለብንም። ቫት ግን አለ። ከሰኔ 2013 በፊት ከ22 ዩሮ በታች የሆነ ጥቅል ቫት አይከፈልበትም ነበር፤ ያ ቀርቷል። የጀርመኑ 19 በመቶ ነው። የሚሰላው ደግሞ በዕቃው ዋጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጭነቱም ይደመርበታል። ስለዚህ ለአየሩ ከፈልን፣ በአየሩ ላይ ደግሞ ቫት ተጣለ። ድርጅቱ ስላስተናገደበት የራሱን ጨመረ። ሂሳቡ ጓደኛዬ ቤት ሲደርስ እሷ ለሠርጉ እህቷ ከተማ ሄዳለች። ደብዳቤው በር ሥር ወድቆ ቆየ። ስትመለስ ቀኑ አልፏል።

ለእኔ የደረሰኝ መልእክት ባጭሩ፦ የመመለሻውን ክፈይ፣ ወይም ዕቃውን መተውሽን ፈርሚ።

ፈረምኩ። ሠርጉም በተገዛ ትሪ አለፈ።

አሁን ወደማላኮራበት ነገር ልምጣ። ዳባት ስሄድ እትየ በር ላይ ጠበቁኝ። «ደረሰችላት?» አሉኝ። «ደርሳለች» አልኳቸው። ቀሪውን ግማሽ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ብሩን ሳይቆጥሩ መቀነታቸው ላይ ቋጠሩና «ሙሽራዋ ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። ወድዳዋለች አልኩ። ውሸት እግር ካበቀለ መች ይቆማል።

ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ፣ ሌላ ሁለት መሶብ ጀምረዋል። ያውም ካለፈው የሚበልጡ። ጀርመን ደረሰ ተብሎ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሰምቶ፣ ለአለላው ማቅለሚያ ተበድረው! አላስቆምኳቸውም። እንዴት ብዬ?

በመሀል መላ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ጠፍጣፋ ነገር እናሠራ አልኩ። አምስት ሰፌድ ተደራርቦ 45 በ45 በ10 ካርቶን ይበቃዋል፤ ስታባዙት 4 ኪሎ ነው። ሙዳይም ትንሿ በትልቋ ሆድ ገብታ ትሄዳለች። ፈረንጆቹ ሰፌዱን ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል ብዬ ስነግራቸው እትየ በጣም ሳቁ። «ታዲያ በምን ሊያነፍሱ ነው?» አሉ። ጥቂት ሸጥን፤ አሜሪካም ላክን። ግን በሐምሌ 2016 ብር ሲለቀቅ፣ 57 የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። የጭነት ዋጋ ከዶላር ጋር ነው የሚሄደው። በነሐሴ 2017 ደግሞ አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ጥቅል ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መብት አነሣች፤ የብዙ አገር ፖስታ ቤቶችም ወደዚያ ጥቅል መቀበል ለጊዜው አቆሙ። ለትልልቅ ነጋዴዎች የወጣ ሕግ ነው ይላሉ። ይሁና፤ እኔ ጋ ያሉ አሥራ ሁለት ኮፍያዎች ግን ያንን አያውቁም።

አሁን በትክክል የሚሠራልኝ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሰው ሻንጣ። የሚሄድ ሰው ሲገኝ ኮፍያና ሰፌድ እሰጣለሁ። እዚህ ካላችሁት ሦስታችሁ አድርሳችሁልኛል፤ እግዜር ይስጣችሁ። ቦሌ ላይ «ይህን ማን ሰጠሽ?» ተብላ ሰፌዱን ያስፈታቻት እህታችንም አለች፣ ይቅርታ። ግን ይህ ንግድ አይባልም። የሰው ጉዞ ላይ ሂሳብ አይሠራም፤ ትእዛዝ ቀን ተቆርጦለት አይቀበሉበትም። መሶብማ ሻንጣ አይገባም።

ባለፈው ወር ዳባት ሄጄ ለእትየ እውነቱን ነገርኳቸው። ቡና እየፈሉ ነበር። ጨርሼ እስክናገር አላቋረጡኝም። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ስለ ብሩም፣ ስለ ሙሽራዋም አላነሡም። ጀበናውን አስቀመጡና «አሁን ታዲያ የት ናት?» አሉኝ። መጋዘን ትሆናለች አልኩ። ተጥላም ሊሆን ይችላል ማለት አፌን አልታዘዝ አለኝ። ትንሽ አሰቡና፣ «ደውለሽ ንገሪያቸው ልጄ፣ ከመሬት አያስቀምጧት። እርጥበት ከገባት ትሻግታለች» አሉ።

ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ሁለቱን መሶቦች አወጡ። ተጨርሰዋል። «እነዚህንስ?» አሉ። ጀርመን እንደማይሄዱ ተነጋግረናል። ለብድሩ ግን እስከ ፋሲካ ነው የተሰጣቸው።

ሁለቱም ዛሬ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስረው መጥተዋል፤ መንገዱ ክፍት ስለነበር። በስተቀኝ ያለው የአዳራሹ በር አጠገብ፣ ከመጽሔቱ ጠረጴዛ ጎን ናቸው። ዋጋው ላይ የጭነት የለበትም፤ እስከ መኪናችሁ እኔ እሸከማለሁ። ቀይ አለላ ያላት ክዳኗ አዲስ ስለሆነ ጠበቅ ይላል፤ ወደ ላይ አትሳቡት፣ ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ አንሡት። ወደ ውጭ የምትሄዱ ደግሞ ሻንጣችሁ ውስጥ አራት ጣት ቦታ ካለ ከምሳ በኋላ ፈልጉኝ።