ስለ መካከለኛው ዲስክ አመራረጥና አወራወር

(በተማሪዎች ማኅበር የስፖርት ክፍል ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት የስፖርቱ ክፍል አባሎች ያዋጣነው ገንዘብ ስድስት ዲስክ ብቻ የሚያስገዛ ስለሆነ፣ ምን ዐይነት ይምጣ በሚለው ጉዳይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቷል። ከፊሎቹ ወንድሞቻችን ጠርዙ የሰላውና ሩቅ የሚሄደው ይምጣ ይላሉ። እኛ ግን ስድስቱም መካከለኛው ዲስክ፣ ማለት ሚድሬንጅ የሚባለው ይሁኑ ብለን ስለምንሟገት፣ ምክንያታችንን እንድናስረዳ ይህ ሰዓት ተሰጥቶናል። ድምፅ የሚሰጠው ከንግግሩ በኋላ ነው።

አስቀድሞ ጨዋታውን ለማያውቁት ጥቂት እንበል። በትምህርት ቤት ሜዳ የምናውቀው ዲስከስ ለወንዶች 2 ኪሎ፣ ለሴቶች 1 ኪሎ የሚመዝን ሲሆን፣ የሚፈለገው ርቀቱ ብቻ ነው። ይህኛው ዲስክ ግን ከ200 ግራም የማይበልጥ የፕላስቲክ ሳሕን ነው። ጨዋታውም የጎልፍ ወንድም ነው፤ ከመነሻው ይወረወራል፣ ከወደቀበት ተነሥቶ እንደገና ይወረወራል፣ በመጨረሻ ሰንሰለት ከተንጠለጠለበት ቅርጫት ይገባል። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ኤድ ሄድሪክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ በሚባለው መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ አቋቋመ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1976 የተጫዋቾቹን ማኅበር መሠረተ። ባለ ሰንሰለቱ ቅርጫትም የዚሁ ሰው ሥራ ነው። ቅርጫቱ ሳይፈለሰፍ በፊት ሰዎቹ ዛፍና ምሰሶ ዒላማ አድርገው ይጫወቱ ስለ ነበር፣ ቅርጫት የለንም ብለን እኛም የምናፍርበት ነገር የለም።

ዲስኮቹ በሦስት ይከፈላሉ። ለቅርብ የሚሆነው ፓተር ነው፤ ጠርዙ ድፍንና ወፍራም ነው። ለሩቅ የሚሆነው ድራይቨር ነው፤ ጠርዙ ሰፊና ስለታም ነው። መካከለኛው ስሙ እንደሚነግረን በሁለቱ መካከል ነው።

አሁን ጥፋታችንን እንናዘዝ። ከአባሎቻችን የአንዱ አጎት ከውጭ አገር ሲመጡ አንድ ቀይ ድራይቨር አምጥተውልን ነበር። እንዲያው ሲያዩት ያስጎመጃል። አንድ ወር ሙሉ በየተራ ወረወርነው፤ እርሱም አንድ ወር ሙሉ ጥቂት እንደ በረረ ወደ ግራ እየታጠፈ ከእሾኽ ቁጥቋጦ ገባ። ዲስኩ ተበላሽቷል ብለን ተማማልን። አንዱም እሳት አጠገብ ይዘን እናቃናው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ከገደል ገብቶ ገላገለን። ኋላ ባነበብነውና በሞከርነው ዘንድ፣ ዲስኩ ምንም አልሆነም ነበር። በጀርባው 12 የሚል ቁጥር ተጽፎበት ነበር፤ ይኸውም ፍጥነቱ ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ የታሰበለትን በረራ የሚበረው፣ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ክንድ በሚሰጠው ፍጥነት ሲወረወር ብቻ ነው። ዝግ ባለ ክንድ ከተወረወረ የሚያውቀው መውደቅን ብቻ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይነግረን አንድ ወር በላብን።

ለምን ወደ ግራ ይታጠፋል? ይህን ለመረዳት ወደ ዶርዜ ወጥቶ እናቶች ጥጥ ሲፈትሉ ማየት ይበቃል። እንዝርቱ ሲሾር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሽክርክሪቱ ሲደክም ይንገዳገዳል። ዲስክም የሚጸናው በሽክርክሪቱ ነው። በቀኝ እጅ፣ ከደረት ወደ ውጭ የተወረወረ ዲስክ ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ዘንግ ይሾራል። ፍጥነቱ ሲቀንስ አየሩ የፊት ጠርዙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ነገር ግን የሚሾር ነገር በተገፋበት አቅጣጫ አይዘነብልም፤ ወደ ጎን ነው የሚዘነብል። ስለዚህ ፊቱን ቀና ማድረግ ሲገባው ወደ ግራ ይጋደማል። ግራኝ የሆነ ሰው ሲወረውረው ደግሞ ወደ ቀኝ። የፊዚክስ መምህሮቻችን ስለዚህ ነገር ከእኛ የተሻለ እንደሚናገሩ እናውቃለን፤ እኛ ለውርወራው የሚበቃንን ያህል ወስደናል።

እንግዲህ በዲስኩ ላይ አራት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው ፍጥነቱን፣ ሁለተኛው በአየር ላይ መንሳፈፉን፣ ሦስተኛው በጉዞው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማዘንበሉን፣ አራተኛው በመጨረሻው ወደ ግራ መታጠፉን ያመለክታል። የመካከለኛው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 ነው። ኢኖቫ የተባለው ኩባንያ በ1987 ያወጣው ሮክ፣ ዲስክራፍት የተባለው በ2003 ያወጣው በዝ፣ በዚህ ወገን ስማቸው የታወቀ ነው። ሮክ በመጨረሻው ወደ ግራ ጠንከር ብሎ ይመለሳል፤ በዝ ከእርሱ ይልቅ ቀጥ ይላል። ለእኛ የምንመርጠው ቀጥ የሚለውን ነው። ምክንያቱም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ዲስክ ወደ ግራ ከሄደ እጃችን አጥፍቷል፤ ወደ ቀኝ ከሄደም እጃችን አጥፍቷል። ድራይቨሩ የደበቀብንን ይህ ፊት ለፊት ይናገራል። ታማኝ ዲስክ ማለታችን ይህንኑ ነው።

ክብደቱ ከ175 እስከ 180 ግራም ቢሆን እንመርጣለን። ለጀማሪ ቀላሉ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ነፋስ በሌለበት ቦታ ቃላቸው እውነት ነው። በእኛ ሜዳ ግን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወገን የሚመጣው ነፋስ ቀላሉን ዲስክ እንደ ወረቀት ያነሣዋል። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ዲስኩ ከፍጥነቱ በላይ የተወረወረ ይመስል ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ከኋላ ሲመጣ ቶሎ ይወርዳል፣ ወደ ግራም ቶሎ ይመለሳል። ፕላስቲኩም ጠንካራው ዐይነት ይሁን። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ርካሹ በዚህ በድንጋያማ መሬት ጠርዙ ቶሎ ይፋፋቃል፤ ጠርዙ የተፋፋቀ ዲስክም ጠባዩ ይለወጣል፣ ወደ ቀኝ ማዘንበል ያበዛል። ስለ ቀለሙ ብዙ አንልም፤ አረንጓዴ ብቻ አይሁን።

ከፍታውም አይዘንጋ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ ስምንተኛ ያህል የሳሳ ነው። ወደ ጨንቻ ስንወጣ 2,700 ሜትር ገደማ እንደርሳለን፤ የአየሩም መሳሳት ወደ ሩብ ይጠጋል። የሳሳ አየር ዲስኩን ደግፎ የሚይዝበት ኀይል ያንሰዋል። ስለዚህ ሲቀላ ቀጥ ብሎ የሄደው ዲስክ ጨንቻ ላይ ቀደም ብሎ ይወድቃል፤ ወደ ግራም ያደላል። በባሕር ዳር አገር የተጻፈው የዲስኩ ቁጥር ለእኛ ሳይቀነስና ሳይጨመር አይሆንም ማለት ነው፤ ቀጥ የሚለውን የመረጥንበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው። እንደ ሮክ ያለው እዚያ ላይ ሲወጣ ይብስበታል።

አወራወሩን በሚመለከት፣ ዋናው ነገር ጉልበት እንዳይመስላችሁ። አውራ ጣት በላይ፣ አራቱ ጣቶች በታች፤ ሌባ ጣት ጠርዙን ተደግፎ ይያዝ። ቀኝ ትከሻችን ወደ ዒላማው ይዙር። ዲስኩን ወደ ኋላ ዘርግተን፣ ከጡታችን ዝቅ ባለ መስመር፣ ደረታችንን ሳይርቅ ቀጥ አድርገን እንስበው፤ ክርን ይቅደም፣ እጅ ይከተል፣ የእጅ አንጓ መጨረሻ ላይ ትፈታ። እጅን አዙረው እንደ አጭዳ ክብ የሚሠሩ አባሎች አሉን፤ የእነርሱ ዲስክ የት እንደሚሄድ እነርሱም አያውቁም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን የዲስኩ ፊት ቀና ማለቱ ነው። ፊቱ ቀና ያለ ዲስክ ሽቅብ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ወደ ግራ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ወርዋሪውም ነፋሱን ይወቅሳል። ለዚህ የተገኘው መድኀኒት ቡና መቅዳት ነው። ጀበና ይዘን ስኒ ውስጥ ስንቀዳ የእጃችን አንጓ በአውራ ጣት በኩል ወደ ፊት ዝቅ ይላል። ዲስኩንም ስንይዝ አንጓችን እንደዚያው ዝቅ ይበል፤ የፊት ጠርዙ ይስተካከላል። ይህን ከነገርናቸው በኋላ ከሁላችን ቀድመው የተሻሻሉት እኅቶቻችን መሆናቸውን ስናይ፣ ወንዶቹ ቡና መቅዳት ብንለምድ ኖሮ አንድ ወር ባልጠፋን ነበር ብለናል። ልምምዱም ከ30 ሜትር ይጀመር፤ ዛፍ ዒላማ አድርጎ፣ በግማሽ ጉልበት። ዐሥር ወርውሮ ስምንቱን በዛፉ አጠገብ ያሳረፈ ሰው ወደ 50 ሜትር ይለፍ።

የት እንወርውር ለሚለው አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ወደ ደጋው ወጥተን ስንመለስ፣ «ያ ለምለም ሜዳ ለዲስክ የተፈጠረ ነው» ያለ አባል ነበረን። ያ ሜዳ ዱቡሻ ነው። የጋሞ አባቶች ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ ነገር የሚያዩበት፣ ሰው የሚያስታርቁበት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በአርባ ምንጭ ጎዳና ላይ ተንበርክከው፣ ለበቀል የተነሣውን ወጣት የመለሱት እነዚሁ አባቶች ናቸው። ሣሩ የዚህን ያህል ክብር ካለው፣ ሜዳው ለፕላስቲክ ሳሕን አይሆንም። ቦታ ስንፈልግ አስቀድመን የአካባቢውን ሽማግሌዎች እንጠይቅ፤ አይሆንም ካሉ ዞር እንበል። የተከበሩትን የደጋ ደኖች፣ የነጭ ሳርን ፓርክ፣ የምንጮቹንም ጫካ ከዚሁ ቍጠሩ። ወደ ሐይቅም አንወርውር። ጫሞ የወደቀ ዲስክ የአዞ ነው፤ ስድስት ብቻ ነው የምንገዛው።

ድራይቨሩን እንተወው ማለታችን ለዘለዓለም አይደለም። ከእኛ መካከል መካከለኛውን ዲስክ 70 ሜትር ቀጥ አድርጎ የሚወረውር ሰው በተገኘ ጊዜ፣ እኛው ራሳችን አዋጥተን እንገዛለታለን። እስከዚያው ግን ስድስቱም አንድ ዐይነት ቢሆኑ፣ አንዱ ወርዋሪ በአንድ መቆሚያ ስድስት ጊዜ ደጋግሞ ይለማመዳል፤ አንዱም ቢጠፋ የቀሩት አምስቱ ያው ጠባይ አላቸው። ስድስት የተለያየ ብንገዛ ግን እጃችን ይሁን ዲስኩ የተለየው ሳናውቅ ሴሚስተሩ ያልቃል።

ለድምፅ የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው፦ ስድስት መካከለኛ ዲስክ፣ ቀጥ የሚለው ዐይነት፣ ከ175 እስከ 180 ግራም፣ ጠንካራው ፕላስቲክ፣ ሦስቱ ቢጫ ሦስቱ ብርቱካን። ወረቀቱ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከድምፁ በኋላ መሞከር ለሚፈልግ፣ ከጓደኛ የተዋስነው አንድ ያረጀ መካከለኛ ዲስክ አለ፤ ነፋሱ ሳይነሣ ከ10 ሰዓት በፊት እንውጣ።