ሞቱን አስቀድመን አንስማው፦ ስለ ግሌን ጉልድ ሁለት የጎልድበርግ ቀረጻዎች

የብዙ ዓመት ማዳመጥ በአንድ ምሽት ስለማያልቅ መንደርደሪያውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። ከራሴ ትዝታ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ የጎልድበርግ ቫሪዬሽኖች የተባለውን ድርሰት ያሳተመው በ1741 ነው። የጻፈው ሁለት ረድፍ ቁልፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ ነው። አንድ አርያ ይከፍተዋል፣ በአርያው ባስ ላይ የተሠሩ 30 ቫሪዬሽኖች ይከተላሉ፣ መጨረሻ ላይ ያው አርያ ተመልሶ ይዘጋዋል። እንቅልፍ ስላጣው መኰንንና ሌሊት ሌሊት ይጫወትለት ስለነበረው ስለ ወጣቱ ጎልድበርግ የሚተረከውን ፎርክል በ1802 ባሳተመው የባኽ የሕይወት ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን። ልጁ ያን ጊዜ ገና 14 ዓመት ገደማው ስለነበር፣ በ1741ዱ የድርሰቱ እትም የርዕስ ገጽም ላይ የመኰንኑ ስም ስለሌለ ብዙዎች ይጠራጠሩታል። ዋንዳ ላንዶቭስካ በ1933 በሃርፕሲኮርድ ሸክላ አስቀረጸችው። ይህን ታውቁታላችሁ፤ እንለፈው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ይህን ድርሰት በሰኔ 1955፣ በ22 ዓመቱ፣ ኒው ዮርክ 30ኛው ጎዳና ላይ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ስቱዲዮ ውስጥ ቀረጸው፤ 38 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ፈጀ። በ1981 እዚያው ስቱዲዮ ተመልሶ እንደገና ቀረጸው፤ 51 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ሆነ። አልበሙ በመስከረም 1982 ወጣ። ጉልድ በዚያው ወር ማብቂያ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ጥቅምት 4 ቀን፣ በተወለደ በ50 ዓመቱ፣ አረፈ።

ከዚህ ተነሥተው ብዙ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን የወጣት እሳት፣ ሁለተኛውን የሚሰናበት ሰው ኑዛዜ ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። 1981 ላይ ጉልድ የ48 ዓመት ሰው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት እንደሚሞት የነገረው የለም። ሞቱን እኛ ስለምናውቅ ነው በየኖታው ውስጥ የምንሰማው።

እዚህ ላይ አንድ ትዝታ ፍቀዱልኝ። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው የ1955ቱን ሸክላ በ60 ደቂቃ ካሴት ገልብጦ ሰጠኝ። የካሴቱ አንድ ገጽ 30 ደቂቃ ነው። ገጹ ያለቀው በ25ኛው ቫሪዬሽን መካከል፣ ዜማው ገና እያለቀሰ ሳለ ነበር፤ ቀሪው ገጽ ሁለት ላይ አልተቀዳም። ልባሱ ላይ ዓመትም የተጫዋች ስምም አልተጻፈም። ለዓመታት ድርሰቱ እዚያ የሚያበቃ ይመስለኝ ነበር። ሙዚቃን እንደ ጨርቅ ቆርጦ፣ ያለ ስምና ያለ ዓመት ማደል ዛሬም አልቀረም፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሙሉውን ስሰማ ግን ያ የተቆረጠ ቫሪዬሽን ቁልፍ ሆነልኝ። 25ኛው ቫሪዬሽን በ1955 ስድስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል። በ1981 ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው። በሁለቱም ድግግሞሽ የለም። ያ ተሰናባች የተባለው ሰው ከሁሉ አሳዛኙን ክፍል አፈጠነው! ጉልድ ራሱ የወጣትነቱን አጨዋወት ሐዘኑን አጋንኗል፣ የሾፓን ኖክተርን ይመስላል ብሎ ነቅፎታል። አርያው ደግሞ በተቃራኒው ከ1 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ወደ 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ረዘመ። አምስተኛው ቫሪዬሽን በሁለቱም ከ40 ሰከንድ በታች ይበርራል።

ሌሎች ደግሞ «13 ደቂቃ ያህል ዘገየ» ይላሉ። በ1955 ምንም ነገር አልደገመም፤ በ1981 ግን የዘጠኙን ካነኖች (አንዱ ድምፅ የሌላውን ዜማ እየተከተለ የሚደግምባቸውን ቫሪዬሽኖች) እና የሌሎች ጥቂት ቫሪዬሽኖችን የመጀመሪያ ክፍል ደግሟል። ስለዚህ ከ13ቱ ደቂቃ ከፊሉ ድግግሞሽ እንጂ ዝግታ አይደለም። ወጣትነት ሁልጊዜ ይፈጥናል ለሚሉም መልስ አለ፦ በ1954 በካናዳ ሬዲዮ፣ በ21 ዓመቱ፣ ያቀረበው ከ1955ቱ ይልቅ ረጋ ያለ ነው።

እስካሁን ያልኩትን ላጠቃልል። አሳዛኙ ክፍል አጠረ። አርያው ረዘመ። ፈጣኑ ፈጣን ሆኖ ቀረ። ይህን ሁሉ ዕድሜ አያስረዳም፤ ሐሳብ ግን ያስረዳል። ጉልድ በ1982 እንዳብራራው የፈለገው ሙሉውን ድርሰት በአንድ መሠረታዊ ምት ማሰር ነበር፦ የአንዱ ቫሪዬሽን ምት ለሚቀጥለው በእጥፍ ወይም በክፋይ መነሻ ይሆናል። ስለዚህ 25ኛው ብቻውን ተገንጥሎ እንዲያለቅስ አልተወውም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር አሰረው። የ1981ዱ ቀረጻ የሚያስብ ሰው እርማት እንጂ ኑዛዜ አይደለም።

ሰዓት ጠባቂያችን ምልክት እየሰጡኝ ስለሆነ የቀረውን በጥድፊያ ልጥቀሰው። በነሐሴ 1959 በሳልዝቡርግ በተመልካች ፊት የተጫወተው አለ፤ ለብቻው ማጥናት ይገባል። በ2017 የ1955ቱ የስቱዲዮ ቴፖች በሙሉ ወጡ፤ በ2022 የ1981ዱ ተከተሉ። ዛሬ ማንም ሰው የተጣሉትን ሙከራዎች ሰምቶ በራሱ ጆሮ መፍረድ ይችላል።

አደራዬ አንድ ነው። ዛሬ ማታ ሁለቱን 25ኛ ቫሪዬሽኖች ሰዓት ይዛችሁ ስሙ። ለልጆቻችሁ ስትገለብጡ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቅዱት፤ የተጫዋቹን ስምና ዓመቱን ጻፉበት።