ኪራይ ቤት ስለሚያድሩ ተማሪዎቻችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት ተለጠፈ።)



ዛሬ ስለ ውሃውና ስለ ቦዩ ጠረጋ አንነጋገርም፤ እሱ በሌላ ቀን ይደርሳል። የዛሬው ጉዳያችን በየጓሮአችን ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው።

እንደሚታወቀው የእኛው ነፋስ መውጫም ሆነች የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳ፣ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ነገራቸው አንድ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተማ ላይ ነው፤ ልጁ ግን ከሩቅ ገጠር ነው የሚመጣው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት መልስ በእግር አገር ቤት ይሄዱና እሑድ ማታ እንጀራና ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ተሸክመው ይመለሳሉ። እስከ ሐሙስ ስንቁ ያልቃል፤ ዓርብ ጦም ነው፣ ፍስክም ቢሆን ጦም ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔቱ በ1997 ዓ. ም. ሲጀመር ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእነዚህ ልጆች አባት ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ሠርቶ እህል የሚቀበለው ገበሬ ነው። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ እንዴት አድርጎ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል? ነገሩ ይህ ነው።

እኛ በኮሚቴው ተቀምጠን ስንመረምረው አንድ ነገር አየን። ልጁ ያልገባውን ነገር ማንን ይጠይቃል? አባቱን እንዳይጠይቅ አባቱ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሆነ አያውቅም። መምህሩን እንዳይጠይቅ የክፍሉ ተማሪ ብዙ ነው፣ ደግሞም ያፍራል። የሚጠይቀው ማታ አጠገቡ የሚተኛውን ልጅ ነው። ያ ልጅ «እናጥና» ካለ ያጠናል፤ ያ ልጅ «ተወው ባክህ» ካለ ይተወዋል። ወላጅ የሚመክረው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ጓደኛ ግን ሌሊትም ቀንም ይመክራል።

ምሳሌ እንስጥ። ሁለት ግቢ እናውቃለን፣ አጥር ነው የሚለያቸው። የባለቤቶቹን ስም አንጠራም። በአንደኛው ግቢ አራት ወንዶች ተከራይተው ነበር፤ ሁሉም ዐሥረኛ ክፍል፣ ሁሉም ጎበዞች። ክረምት ሲደርስ አንዱ «ወደ መተማ ወርደን የሰሊጥ አረም እንሥራ» አለ። ለደብተርና ለጫማ ነው ያለው፤ ክፉም አላሰበ። አራቱም ተነሥተው ሄዱ። የሰሊጥ ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አረሙ በሐምሌና በነሐሴ ነው፣ አጨዳው መስከረምንና ጥቅምትን ይበላል። ልጁ ያገኘውን ብር ካየ በኋላ አጨዳውን ትቶ ለምዝገባ ይመለሳል ማለት ዘበት ነው። አንዱ ወባ ይዞት መጣ፤ ሁለቱ ከነጭራሹ አልተመለሱም፤ አንዱ ብቻ ዘግይቶ ተመዘገበ። አራት ልጅ በአንድ ልጅ ቃል።

በሌላው ግቢ ደግሞ አራት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ዐሥራ ሁለተኛ፣ ሦስቱ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ነበሩ። ትልቋ የስማዳ ልጅ ናት፤ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተነሥታ ስታጠና ትንንሾቹ በመብራቱ ምክንያት መተኛት ስላልቻሉ ነው አብረው መነሣት የጀመሩት። አዎ፣ ሳቁ፤ እነሱም ሲነግሩን እየሳቁ ነው። በኋላ ግን ልማድ ሆነ። ትልቋ ተፈትና አለፈች። ስትሄድ የማትሪክ ጥያቄዎቿን፣ ደብተሮቿን ሁሉ ለእነሱ ትታ ሄደች። በእረፍት ስትመለስ ደግሞ ከደብተሩ የበለጠውን ነገር አመጣች፤ ይኸውም የፈተናውን ነገር ነገረቻቸው።

ይህን ትንሽ እናብራራው፤ ወላጅ ሁሉ አያውቀውምና። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው አድሮ እንዲፈተን ተደረገ። ስልክ የለም፤ በር ላይ ፍተሻ አለ። ከመንደሩ ወጥቶ ከነፋስ መውጫ ያላለፈ ልጅ እንዲያ ያለ ግቢ ሲገባ ገና ወረቀቱን ሳያይ ይርዳል። ልጅቱ ግን «በሩ እንዲህ ነው፣ ምኝታው እንዲህ ነው፣ ምግብ ይሰጣችኋል፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ አትያዙ» ብላ ነገረቻቸው። በሁለተኛው ዓመት ከሦስቱ ሁለቱ አለፉ። ሦስተኛዋም ደብረ ታቦር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ገብታለች፤ እሷም አልወደቀችም።

ስለ ቁጥሩም እንናገር። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ሆነ። ይህ በመላው አገሪቱ ነው። ሬሜዲያል የሚባለው ማካካሻ መኖሩ ጥቂት አስታግሷል፤ ቢሆንም ልጆቹ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ያንን ቁጥር ነው። «ማን ያልፋል ብለህ ነው?» ይባባላሉ። ቁጥሩ ከፈተናው አስቀድሞ ይጥላቸዋል። እኛ መቶ ጊዜ «አይዞህ» ብንለው አይሰማንም፤ ነገር ግን ያው የእሱን በሶ የበላች፣ ያችኑ ክፍል የተከራየች ልጅ አልፋ ሲያይ ያን ጊዜ ቁጥሩን ይረሳዋል።

በዚያ ላይ የእኛ አገር ልጅ የቀረበት ብዙ ነው። በ2012 መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተዘጋ። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ እዚሁ ነፋስ መውጫ ገባ፤ የሆነውን አንደግመውም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ግጭቱ ተባብሶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ልጆች በዕድሜ ከክፍላቸው አለፉ። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ከዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጥ ያፍራል። እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ክፍል የሚመልሰው እንደ እሱው አፍሮ የተመለሰ ጓደኛው ነው እንጂ የእኛ ስብከት አይደለም።

አንዳንድ ሰው ይህን አዲስ ነገር አድርጎ ያየዋል። አዲስ አይደለም፤ የአገራችን ነው። ጋይንት ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አባ ለዝማሬና መዋሥዕት የማስመስከሪያ ቦታዎች መሆናቸውን የማያውቅ የለም፤ እስቴም ቆማ ፋሲለደስ አለ። እዚያ የተማረው ማነው? የድሃ ልጅ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ ቁራሽ ለምኖ የተማረ ነው። መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ፤ ታዲያ እንዴት ይዳረሳል? የቀደመው ለኋለኛው እያስጠና ነዋ! በቅኔ ቤትም አስነጋሪ የሚባለው እኮ ከተማሪዎቹ መካከል ቀድሞ የገባው ነው። ጎጆውም የጋራ፣ ቁራሹም የጋራ፣ ቀለሙም የጋራ ነበር። «አባትህ ይከፍላል ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም። እናቶቻችንም ፊደል የቆጠሩት ከ1971 ዓ. ም. ጀምሮ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያስተማሯቸውም አብዛኛዎቹ የራሳቸው ልጆች እኩያ የሆኑ ተማሪዎች ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንድትለዩልን እንፈልጋለን። በትምህርት ቤት «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት ነበረ። እሱን እያሰባችሁ እንዳትሸሹን። አንድ ለአምስት ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የተበላሸው ከላይ በትእዛዝ መጥቶ ለሪፖርት ስለ ተደረገ ነው። ጎበዙ ሠርቶ ሌሎቹ ይገለብጡ ነበር፤ ፖለቲካም ገባበት። ጓደኝነት በስም ዝርዝር አይሠራም። እኛ የምንለው ልጆቹ ቀድሞም አብረው የሚያድሩበትን ክፍል ነው።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የሰፈራችን ልጅ እንዳጫወተን በአሜሪካም ይህንኑ ደርሰውበታል። በዋና ከተማቸው በዋሽንግተን በድሆች መኖሪያ ሰፈር የተጀመረ፣ ልጆች ራሳቸው እኩዮቻቸውን ወደ ኮሌጅ እንዲስቡ የሚያደርግ ሥራ ነበረ፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፋ። እነሱ እንኳ ያን ሁሉ ሀብት ይዘው ወደ ልጅ ለልጅ ነው የተመለሱት።

በኮሚቴው ስብሰባ የተነሡ ሁለት ተቃውሞዎችም ነበሩ፤ ሳንነግራችሁ ማለፍ ተገቢ አይሆንም።

አንድ አባት «ድሃ ከድሃ ጋር ተቀምጦ ምን ይማማራል? ዕውር ዕውርን መምራት አይሆንም ወይ?» አሉ። ጥያቄው ከባድ ነው። አራቱም የማያውቁ ከሆነ በእርግጥ እንደ ሰሊጡ ልጆች ይሆናሉ። ስለዚህ ነው ከመካከላቸው አንድ የቀደመ ይኑር የምንለው። የቀደመ ማለት የግድ ሊቅ ማለት አይደለም፤ ያችን መንገድ አንድ ጊዜ የሄደባት ማለት ነው። እንዲያውም ተፈትኖ ያላለፈና በግል ደግሞ ለመፈተን የሚያጠና ልጅ የት ላይ እንደሚሰናከሉ ከሁሉ ይበልጥ ያውቃል። እሱን ግን እኛው ሰፈር ውስጥ «ወደቀ» እያልን እንጠቋቆምበታለን፤ እሱም አፍሮ በሌሊት ወደ ቆላ ይወርዳል። ይህ መጠቋቆም ይቅር።

ሌላዋ እናት ደግሞ «እኔ ቤት አከራይ እንጂ ሞግዚት አይደለሁም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ኪራዩ ለእሳቸውም የዕለት እንጀራቸው ነው፤ ልጆች አሳድጉ ብለን ሸክም አንጭንም። የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ክፍል ስታከራዩ ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ልጅ ከትንንሾቹ ጋር እንድታስገቡ ነው፤ ሴቶቹን ለብቻ፣ ወንዶቹን ለብቻ። መብራት በሦስት ሰዓት አጥፉ የሚባልበት ግቢ ካለ ደግሞ ለእኛ ንገሩን፤ የአምፖሉን ነገር ከማኅበሩ ሣጥን እንከፍላለን። ቆጣሪው ስለሚቆጥር ብቻ ልጅ ጨለማ ውስጥ አይቀመጥ።

የሴቶቹ ነገር ግን ከመብራት ያልፋል። በአንዳንድ ግቢ ሴት ተማሪ የኪራዩን ግማሽ በሥራ ትክፈል ይባላል፤ ውሃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ሕፃን ስታዝል ይመሻል። ወንዱ ሲያጠና እሷ ምጣድ ላይ ናት። አገር ቤት ደግሞ «ምን ትጠብቃለች፣ ባል መጥቶላታል» የሚል ዘመድ አይታጣም፤ ወይም ደላላ መጥቶ ዐረብ አገር ይላታል። እንዲህ ያለውን የምትሰማው የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ከእኛ ሁሉ ቀድማ ትሰማለች። ስለዚህ ልጆቹ የሚያምኗቸው ሁለት ሴቶች ከኮሚቴው ተመርጠዋል፤ አንዲት ልጅ ስለ ጓደኛዋ መጥታ ብትነግራቸው ነገሩ ሳይሰፋ ከወላጆች ጋር ይነጋገራሉ። በሥራ የሚከፈለውም ኪራይ ቢያንስ ከመጋቢት እስከ ፈተናው ድረስ እንዲቀልላት እንለምናለን።

ወላጆች ወጪውን እየፈሩ ልጅ እንደሚያስቀሩም ሰምተናል። ከ1996 ዓ. ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት የሚባለው አሠራር አለ፤ ተማሪው ውል ይፈርማል፣ ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። በሬ ሸጦ መላክ የለም። የትራንስፖርቱና የልብሱ ነገር ይቀራል፤ እሱንም ቢሆን ቀድመው የሄዱት ልጆች ምን እንደሚያስፈልግና ምን እንደማያስፈልግ ይነግሯቸዋል። አንዱ አባት ለልጁ ሦስት ብርድ ልብስ ሊገዛ ነበር፤ አንድ ይበቃል ብሎ ያዳነው ደብረ ታቦር የሚማር የጎረቤት ልጅ ነው።

እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የሚመጡት የሰፈራችን ልጆች ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ሁለት ሁለት ሰዓት ከተከራይ ተማሪዎች ጋር ይቀመጣሉ። ስድስቱ እሺ ብለዋል። የሚያስጠኑት ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነውና። ፎርም አሞላሉንም ያሳያሉ። ክፍያ የለም፤ ቡና ግን እናፈላለን። ስኒ ያላችሁ እናቶች አምጡልን፤ የማኅበሩ ስኒ ለልቅሶ ቤት ወጥቶ ግማሹ አልተመለሰም።

የተከራይ ተማሪዎች መዝገብ ተዘጋጅቷል። በየግቢው ስንት ልጅ እንዳለ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነና ከየት ቀበሌ እንደመጣ ብቻ ነው የሚጻፈው፤ የኪራይ ዋጋ አንጠይቅም፣ ግብርም አይመጣባችሁም። ከቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነው። መምጣት የማይችሉ አረጋውያን በልጅ ይላኩብን፤ እኛ ወደ ቤታቸው እንሄዳለን።