ዕዳ የበዛበት ሰው በሩን አይዝጋ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ከዕለታት አንድ ቀን ከዒሻ ሰላት በኋላ አንድ ነጋዴ መስጂድ ውስጥ ብቻቸውን ቀርተው ጠበቁኝ። ጀጎል ውስጥ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልጠራም። ለጅምላ አከፋፋዮች፣ ለዘመድና ለባንክ ዕዳ አለባቸው። ለባንኩ የራሳቸውንና የእህታቸውን ቤት አስይዘዋል። ስልካቸውን ከዘጉ ሦስት ሳምንት ሆኗል። «ኡስታዝ፣ ከስሬያለሁ ብዬ ፍርድ ቤት ባመለክት ዕዳው ይሰረዝልኛል ወይ? ወይስ ቤቱን በባለቤቴ ወንድም ስም ላዛውረው?» አሉኝ።

በመጀመሪያ የሸሪዓውን መልስ ነገርኳቸው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አንድ ሰው የገዛው ፍሬ ጉዳት ደርሶበት ዕዳ በዛበት። ነቢዩ ሰዎች ሰደቃ እንዲሰጡት አዘዙ። የተሰበሰበው ግን ዕዳውን አልሸፈነም። ባለገንዘቦቹን ያገኙትን እንዲወስዱና ከዚያ ሌላ እንደሌላቸው ነገሯቸው። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። አላህም በሱረቱል በቀራህ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ እንዲጠበቅ፣ መማርም የበለጠ መልካም እንደሆነ አስተምሯል። ይህ እዝነት ግን ለእውነተኛ ችግረኛ ነው። መክፈል እየቻለ የሚያጓትት ሰው በደለኛ ነው። ንብረቱን በሰው ስም የሚደብቅም የሰው ሐቅ ይበላል። በሻፊዒ መዝሀብ ባለገንዘቦች ሲጠይቁ ቃዲው ዕዳው ከንብረቱ የበለጠበትን ሰው በንብረቱ እንዳያዝ ይከለክለዋል፤ ንብረቱም ተሽጦ ለባለገንዘቦቹ እንደየድርሻቸው ይከፋፈላል።

ቀጥሎ የአገራችንን ሕግ እንይ። የ1952ቱን የንግድ ሕግ የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መክሰርን የሚመለከተው ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበራት ነው። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ነጋዴ ንግዱ የሚድን ከሆነ በፍርድ ቤት ሥር ከባለገንዘቦቹ ጋር ተስማምቶ ሥራውን መልሶ ማደራጀት ይችላል። የማይድን ከሆነ መክሰሩ ይታወጅና ፍርድ ቤት የሚሾመው ሰው ንብረቱን ሰብስቦ ይደለድላል። ከመክሰሩ በፊት ንብረት ለማሸሽ የተደረገ ውል ሊፈርስ ይችላል። በተንኮል መክሰርም በወንጀል ያስቀጣል። ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍም እንዲሁ ወንጀል ነው። ስለዚህ «ለመያዣ ብቻ ነው» ተብላችሁ ቼክ አትፈርሙ።

ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ግን በዚህ ሕግ መክሰር አይታወጅለትም። የሚከሰሰው በተራው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ቢፈረድበትም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ራቁቱን አያስቀረውም። አስፈላጊ ልብሱ፣ መኝታው፣ የምግብ ማብሰያው፣ የሙያ መሣሪያው፣ የሦስት ወር ቀለቡ፣ ከደመወዙም ሁለት ሦስተኛው አይያዝበትም።

የባንክ ዕዳ ደግሞ የተለየ ነው። በአዋጅ ቁጥር 90/97 ሳይሆን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ አስቀድሞ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። እኒህ ሰው ደብዳቤው ደርሷቸው ፖስታውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ከ30ው ቀን 11ዱ አልፏል።

በማግስቱ ጠበቃ ፍለጋ ወጣን። ጠበቃ ስትፈልጉ ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ጉዳዩ በሚታይበት ፍርድ ቤት ለመቆም የሚያስችለው መሆኑን አረጋግጡ። የመክሰርና የፍርድ አፈጻጸም ጉዳይ ይዞ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። እውነቱን ሁሉ ንገሩት፤ የደበቃችሁትን ተቃራኒው ወገን ያወጣዋል። «ዕዳህን አጠፋልሃለሁ» ወይም «ንብረትህን እደብቅልሃለሁ» ከሚል ሰው ራቁ። አቅም የሌላችሁ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን የሚያዩት ጋብቻን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና የመሳሰለውን ስለሆነ የንግድ ዕዳ ይዛችሁ ብትሄዱ ቀናችሁ ይባክናል።

ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቃቸው የዕዳውን ዝርዝር ነው። አልነበራቸውም። አላህ በቁርኣን ረጅሙን አንቀጽ ያወረደው ስለ ዕዳ መጻፍ ነው፤ እኛ ግን በቃል እንበደራለን። ሌሊቱን ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠው ጻፉት። ባለቤታቸው የእህትየው ቤት መያዙን ያወቁት ያን ሌሊት ነው። ልቅሶውን አልነግራችሁም።

ከዚያ አፎቻው ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ባለገንዘቦቹን ሰበሰቡ። ካዕብ ኢብኑ ማሊክ መስጂድ ውስጥ ባለዕዳቸውን ሲጠይቁ ድምፃቸው ከፍ ባለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግማሹን እንዲተዉ ጠቆሟቸው። ካዕብ ተስማሙ። ባለዕዳውንም «ተነስተህ ክፈል» አሏቸው። አበዳሪው ይቀንሳል፣ ተበዳሪው ይከፍላል፤ ሱልሕ ማለት ይህ ነው። በሦስተኛው ስብሰባ አብዛኞቹ ጊዜ ሰጡ፤ ስምምነቱም ተጽፎ ተፈረመ። አንዱ እምቢ ብለው ከሰሱ፤ መብታቸው ነው። ሰውየው ሐራጁን ሳይጠብቁ በባንኩ ፈቃድ የራሳቸውን ቤት ሸጡ። የእህታቸው ቤት ተረፈ። እርሳቸው ዛሬ ተከራይተው ይኖራሉ፤ ስልካቸው ግን ክፍት ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዕዳችሁን ዛሬ ማታ ጻፉ፤ ለባለቤታችሁም አሳዩ። የሟች ዕዳ ከውርስ በፊት ይከፈላልና ያልተጻፈ ዕዳ የቲሞችን ያጋጫል። ሀብታሞችም ከዘካ ስምንቱ ድርሻዎች አንዱ የባለዕዳዎች መሆኑን አስታውሱ። ጎረቤታችሁ ከመስጂድ ሲቀር «አበደረን፣ ተበደረን» ብላችሁ አትሙት፤ በሩን አንኳኩ።

አላህ ከዕዳ ጭንቀት ይጠብቀን፣ ሐላል ሲሳይ ይስጠን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።